«ፊትሽን ፍቺው» ሲሉሽ

ሰነፍ አይደለሽም፤ ይህን አስቀድመሽ ያዢልኝ። ከሥራ ስትገቢ እማዬ «እንዴት ዋልሽ?» ስትልሽ መልስ የሚያጥርሽ፣ ስልክሽ ሲጠራ ገልብጠሽ የምታስቀምጪው፣ ትወጂው የነበረው የመዝሙር ልምምድ ሸክም የሆነብሽ ጠባይሽ ተበላሽቶ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስትሰጪው የዋልሽው ነገር አልቆብሽ ነው። የሰጠሽው ደግሞ ሻይና ማኪያቶ ብቻ አይደለም፤ ፈገግታሽን፣ ትዕግሥትሽን፣ ለስላሳ ድምፅሽን ነው። ይህን ማንም በሥራ ዝርዝርሽ ላይ አልጻፈውም፤ ሲጎድል ግን ሁሉም ያየዋል።

ሥራሽ እንዴት እንደሚውል አውቃለሁ፤ እኔም ትሪ ተሸክሜበታለሁ። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስብሰባውም ሥልጠናውም በዝቷል። ከዱራሜ፣ ከወራቤ፣ ከወልቂጤ፣ ከቡታጅራ፣ ከሀላባ የመጣው ተሰብሳቢ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ የአዳራሹ በር ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻይ ይፈልጋል። አንዱ ስኳሩ አለቀ ይላል። ሌላው ያጨበጭብልሻል። ሦስተኛው ስምሽ ደረትሽ ላይ ተለጥፎ እያየ «አንቺ!» ይልሻል። አንቺ የፈላ ውኃ የያዘ ቴርሞስ በአንድ እጅ፣ የብርጭቆ ትሪ በሌላው ይዘሽ በሰው መሐል ስታልፊ የአስተናጋጆቹ አለቃ፣ ካፕቴኑ፣ ጠጋ ብሎ «ፊትሽን ፍቺው» ይልሻል። ትፈቺዋለሽ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ረስተሽ ይኮሳተራል፤ እንደገና ይነግርሻል።

ቅዳሜና እሑድ ሠርግ አለ። አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ጨዋታ ሲኖር ደጋፊ አለ። መስከረም ላይ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲደርስ ከአዲስ አበባም ከደቡብ አፍሪካም ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሰዉ ከቤተሰቡ ጋር አታካና ከቦ ሲበላ አንቺ የባህል ልብስ ለብሰሽ የሌላ ሰው በዓል ታደምቂያለሽ። ያን ቀን የሚሰማሽን እኔ ባልነግርሽም ታውቂዋለሽ።

ደግሞ ማንም የማይቆጥርልሽ ሌላ ነገር አለ። ቤት በሀዲይኛ ታወሪያለሽ፤ ጠረጴዛ ላይ በአማርኛ ታስተናግጃለሽ፤ ለፈረንጅ እንግዳ በእንግሊዝኛ ትመልሻለሽ። ስድብ ሲመጣብሽ በአፍ መፍቻሽ የነደደሽን ንዴት ውጠሽ በአማርኛ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ እቀይርልዎታለሁ» ትያለሽ። መዋጡ ራሱ ጉልበት ይበላል። ከጀበና ዱቄቱ ሳይቀየር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ አይጠብቅም። ካንቺ ግን ማታ ሽፍቱ ሊያልቅ ሲልም አቦል ይጠበቃል።

ይህን ነገር ሰዎች አጥንተውታል። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር የዴልታ አየር መንገድ አስተናጋጆች እንዴት እንደሚሠለጥኑና እንዴት እንደሚሠሩ ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አወጣች። አስተናጋጇ የምትሸጠው ጉልበቷን ብቻ ሳይሆን ስሜቷንም እንደሆነ፣ ስሜትን ለደሞዝ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሥራ እንደሆነ አሳየች። ሁለት ዓይነት መንገድም ለየች። አንደኛው ውስጥሽ እየነደደ ፊትሽን ብቻ ማሳመር ነው። ሁለተኛው የፊትሽ ፈገግታ ከልብሽ እንዲመጣ ውስጥሽን ራሱን ማሳመን ነው። ከእሷ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ሠራተኛውን ይበልጥ የሚያደክመው የመጀመሪያው እንደሆነ አግኝተዋል። አንቺ ግን መጽሐፍ አያስፈልግሽም፤ ማታ ጉንጭሽን የሚያምሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው። ሰውን ሁሉ በአንድ ዓይን አትይው። ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ታማሚ አስተኝቶ ፔንሲዮን የያዘ ሰው «ይህ ሾርባ ቀዝቅዟል» ብሎ ሲጮህ ጩኸቱ ስለ ሾርባው አይደለም። ሌሊቱን አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው ያደረው። ለቅሶ የመጣም አለ፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ ከሩቅ አገር ሲጓዝ ያደረ አባትም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ምን ሆኖ ይሆን?» ብለሽ ካየሽው ቁጣው አንቺ ላይ ሳይደርስ ያልፋል፤ ፈገግታውም አይከብድሽም። ይህን ማስመሰል አልለውም፤ እናታችን ያሳደገችን እንዲህ ነው።

ግን ስሚኝ፤ ይህ ልብ ለተቸገረ ሰው ነው። ሂሳብ ስትቀበዪ እጅሽን ለሚይዝ፣ «ቁጭ በይና አጫውቺኝ» ለሚል፣ ስልክሽን ካልሰጠሽው ቲፕ ለማይሰጥ ሰው አይደለም። እሱን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አታባክኚ። ደሞዝሽ ትንሽ ስለሆነ በቲፕ እንደምትኖሪ አውቃለሁ፤ ቲፑም በፊትሽ ላይ እንደተንጠለጠለ አውቃለሁ። ሆኖም የሥራ ፈገግታ አንድ ነገር ነው፤ እንግዳውን ተቀብለሽ፣ አስተናግደሽ፣ ሸኝተሽ ያበቃል። ከዚያ ያለፈው በሂሳቡ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥምሽ ብቻሽን አትጋፈጪው። ከባልደረባሽ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ «ጠረጴዛ 6ን ያዢልኝ» ካልሻት ለምን ሳትል ትውሰደው፤ አንቺም የእሷን ትወስጃለሽ። ቢቻል ወንድ አስተናጋጅ ይያዘው። ካፕቴኑም ይወቅ፤ ቀኑንና የሆነውን ስልክሽ ላይ ጻፊው። ዛሬ ትንሽ የመሰለሽ ነገር ሦስት ጊዜ ሲጻፍ ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ስለ ድካሙ። ክሪስቲና ማስላክ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰው በሥራ ሲቃጠል የሚታዩ ሦስት ነገሮች ለይታለች። አንደኛ፣ ተኝተሽም የማይለቅ ድካም። ሁለተኛ፣ ሰው ሰው አለመምሰሉ፤ እንግዳው «ጠረጴዛ 4» ብቻ ይሆንብሻል፣ ቢያለቅስም ቢስቅም አንድ ይሆንብሻል። ሦስተኛ፣ የምሠራው ምንም አይረባም የሚል ስሜት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንን ዝለት በሥራ ቦታ ከተጠራቀመ ጭንቀት የሚመጣ ብሎ በበሽታዎች ምደባ መዝገቡ አስፍሮታል፤ በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ። ምንጩን ከሥራው አደረገ እንጂ ከሠራተኛዋ ድክመት አላደረገውም። ይህ ላንቺ ትልቅ ነገር ነው።

ምክንያቱም እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን የሚባለው ይታወቃል፤ «ጸሎት አነሰሽ» ነው። ጸልዪ፤ እኔም እጸልያለሁ፣ ያለ እሱ አልቆምም። ግን ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። ደክሞት ከክትክታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያመጣለት እንጎቻና ውኃ ነበር። በልቶ ጠጥቶ ተኛ፤ ቀስቅሶ እንደገና አበላው። ተግሣጽ አልቀደመም። እንቅልፍና ምግብ ቀደሙ። አንቺ ቁርስ ቆመሽ፣ ምሳ 10 ሰዓት ላይ፣ እራት ደግሞ ደክሞሽ ሳትበዪ እየተኛሽ «መንፈሴ ቀዘቀዘ» ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ።

በሽፍትሽ መሐል አሥር ደቂቃ ካገኘሽ ስልክ ላይ አትጨርሻት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ውጪና ፊትሽን እንደፈለገ ተዪው፤ ማንም አያይሽም፣ ይኮሳተር። ካስፈለገሽ አልቅሺ። ከሥራ ስትወጪ ዩኒፎርምሽን እዚያው ቀይሪ፤ ለብሰሽው ባጃጅ ውስጥ አትግቢ። ቤት ስትደርሺ ለእማዬ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። «እማ፣ ስገባ ግማሽ ሰዓት ዝም ልበል፤ ተቆጥቼ አይደለም፣ አፌ ደክሞት ነው» በያት። ትረዳለች። ያልነገርሻት ጊዜ ነው ልጄ ተለወጠች ብላ ሌሊት የምትጨነቀው።

ይሁንና በዕረፍትና በጸሎት ብቻ የማይፈታ አለ፤ ብዙው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመሽ ውለሽ በረጅሙ መተንፈስን ብትለማመጂ እግርሽን አይቀይርልሽም። ስለዚህ ሕጉን እወቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ ማንበብ ትችያለሽ። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ሠርግ ሲያመሽ ያንቺ ሰዓትም እያመሸ ነው። በሕዝብ በዓል ቀን ስትሠሪ ቢያንስ እጥፍ ነው። በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አለሽ፤ የሆቴል ሥራ ስለሆነ እሑድ ላይሆን ይችላል፣ መጥፋት ግን አይችልም። እሑድ ጠዋት ቸርች መሄድ ላንቺ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ፣ ቢያንስ በወር ሁለት እሑድ በተራ እንዲደርሳችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለሽ፤ ሥራ ላይ እያለሽ «ገንዘቡን ውሰጂና ሥሪ» ቢሉሽ ሕጉ አይፈቅድም፣ አንቺም አትቀበዪ። ያን ፈቃድ ያስፈለገሽ ለገንዘቡ አይደለም።

ስለ ቆረጣው ደግሞ ላምርር። ብርጭቆ ተሰበረ፣ እንግዳው ሳይከፍል ወጣ፣ የአልጋ ክፍል ፎጣ ጠፋ እየተባለ ከደሞዝሽ የሚቆረጠው ነገር ከሁሉ በላይ ሰው ያቃጥላል። ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ሳቂ ብለው አሥቀውሽ በወሩ መጨረሻ እንደ ሌባ ይቆጥሩሻል። በሕጉ ከደሞዝ መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። ያም ሆኖ ከወር ደሞዝሽ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ስትቀጠሪ «ፈርሚ፣ ፎርማሊቲ ነው» የሚሉሽን ወረቀት ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ቆረጣው ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ ነው። የጽሑፍ ውል ካልሰጡሽ በ15 ቀን ውስጥ የሥራሽን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጡሽ ይገባል። ያልተከፈለሽ ትርፍ ሰዓት ካለ ደግሞ አታሳድሪው፤ የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል። በሥራ ቦታ የሚደረግ ወሲባዊ ትንኮሳን አዋጁ ይከለክላል፤ ያደረገው አሠሪው ወይም ኃላፊው ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም። ሲሰለችሽ «ዓረብ አገር ብሄድ ይሻለኛል» እንደምትዪ ሰምቻለሁ። የዚህ አካባቢ ወንዶች ዓይናቸው ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው፤ የከተማችን ፎቅ ብዙው በእነሱ ገንዘብ የቆመ ነው፣ አንቺም እነሱን ስታስተናግጂ ታይዋለሽ። ልጅቷ ደግሞ ዓረብ አገርን ታስባለች። አትሂጂ ብዬ አላዝሽም፤ ኑሮውን አውቀዋለሁ። ግን ውሳኔውን በደከምሽበት ሳምንት አትወስኚ። እዚህ የሰለቸሽ የሰውን ፊት እያየሽ ፊትሽን ማስተካከል ከሆነ፣ እዚያም የሰው ቤት ውስጥ ቀን ከሌሊት የምትሠሪው እሱን ነው፤ ማታ ዘግተሽ የምትወጪበት በር ግን አይኖርሽም። ባልደረባሽ «ጠረጴዛውን ያዝኩልሽ» የምትልሽም የለችም። ፈቃድሽን ወስደሽ፣ ተኝተሽ፣ በልተሽ፣ ከዚያ በኋላም ልቤ እዚያ ነው ካልሽ በሕጋዊ መንገድ እንዴት እንደሚኬድ አብረን እንጠይቃለን።

ፊትን ለሥራ ማስተካከል የሴት ብቻ ጣጣ አይደለም። ዱራሜ ያሉት አስጎብኚ ልጆችም አለባቸው። ሐምበሪቾ ተራራ ላይ 777 ደረጃ ከእንግዳ ጋር ይወጣሉ፤ እንግዳው መሐል ላይ ደክሞት ይነጫነጫል፣ ልጁ ግን የራሱን ትንፋሽ ውጦ እያጫወተ ያወጣዋል። አውርዶ ሳያርፍ ሌላ ቡድን ይመጣል። ወንድ ስለሆነ ደግሞ «ከበደኝ» ማለት ያፍራል። የሆቴሉ ዘበኛ፣ ካሸሩ፣ አልጋ የምታነጥፈው እናት፣ ሌሊት ሪሴፕሽን ላይ ብቻውን የሚያድረው ልጅ ሁሉም ይህ አለባቸው። እናንተ እርስ በርሳችሁ ብትነጋገሩ ግማሹ ሸክም ይቀልል ነበር። እኔ ግን የማየው እንግዳ ላይ ያልተናገራችሁትን እርስ በርስ ስትናገሩት ነው። አስተናጋጇ ወጥ ቤቷን ትቆጣለች፤ ወጥ ቤቷ ዕቃ አጣቢዋን። ቁጣው መውረጃ ሲያጣ ወደ ደካማው ይወርዳል። አንቺ ዘንድ ሲደርስ አቁሚው።

መነጋገር ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ቦጋለች ገብሬ የዚሁ የከምባታ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት ስታቋቁም ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ጠለፋ በአደባባይ ማውራት ነውር ነበር። እሷ ግን ሰውን በየቀበሌው አስቀመጠችና እንዲነጋገር አደረገች፤ ሴቱንም ወንዱንም፣ ሽማግሌውንም። ለዘመናት ሁሉም ብቻውን የተሸከመው ሕመም በጋራ ሲነገር ልማድ ብሎ የሚከላከልለት ሰው እያነሰ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስታርፍ ብዙ ሴቶች አለቀሱላት። የእናንተ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ለየብቻ ሲሆን «ጠባየኛ አስተናጋጅ» ትባላላችሁ፤ አብራችሁ ስትናገሩት የሥራ ቦታ ጥያቄ ይሆናል።

ካፕቴን ስትሆኚ ደግሞ፣ መሆንሽ አይቀርም፣ «ፊትሽን ፍቺው» ከማለትሽ በፊት «በልተሻል?» ብለሽ ጠይቂ። በሚጮኸው እንግዳና በልጅቷ መሐል አንቺ ቁሚ። እንግዳ ንጉሥ ነው ይባላል፤ እኛ ቤት እንግዳ ክቡር ነው፣ እናትና አባታችን ቡላውንና ቅቤውን ለእንግዳ ነው የሚያስቀምጡት። ግን እንግዳ ሲከበር የቤት ልጅ ስትዋረድ አላየሁም። ሆቴል ያላችሁም የዚህ ከተማ ልጆች ይህን ትሰሙ እንደሆነ፣ የሠራተኛ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አስቀምጡላቸው። ቆመው እየበሉ ነው።

በይ፣ ለዛሬ ይብቃሽ። ነገ ሽፍትሽ ከሰዓት ስለሆነ እስከ 3 ሰዓት ተኚ። ሰኞ ዕረፍት ያላችሁት የሆቴሉ ልጆች እኔ ዘንድ ኑ፤ ውላችሁን፣ የተቆረጠባችሁን ወረቀት፣ የሠራችሁትን ሰዓት የጻፋችሁበትን ይዛችሁ ኑ። በአዋጁ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገው 10 ሠራተኛ ነው። እናንተ ከወጥ ቤቱና ከአልጋ ክፍሉ ጋር ከዚያ በላይ ናችሁ።